ሙሉ ዐረፍተ ነገር

ተማሪዎቹ የአማርኛ መምህራቸውን «አራት ነጥብ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ዝም ብለው አይደለም። አንድ ልጅ ሁለት ገጽ ድርሰት አሳምሮ ጽፎ መጨረሻው ላይ አራቷን ነጥብ ከረሳ፣ መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን ያነሣና «ይህ ሰው አሁንም እየተናገረ ነው፤ ሲጨርስ አርመዋለሁ» ብሎ ወረቀቱን ይመልስለታል። ልጆቹ ከኋላው ይስቁበታል፤ ፊቱ ላይ ግን ነጥባቸውን ይለቅማሉ። እሱም ቅጽል ስሙን ያውቀዋል፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ሰው በሙያው ከተጠራ ምን ይከፋዋል?

ክፋቱ ሙያውን ይዞ ቤት መግባቱ ነው። አናጢ ቤቱ ሲደርስ መዶሻውን ጥግ ያስይዛል፤ አራት ነጥብ ግን ከነቀይ እስክሪብቶው ነው ራት የሚቀርበው። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስልክ የተገዛላት ሰሞን ለጓደኞቿ የምትጽፈውን በትከሻዋ አሻግሮ አየና ደነገጠ። ቃላቱ ግማሽ ግማሽ ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ሥርዐተ ነጥብ የለ፣ ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ያኔውኑ የቤት ሕግ አወጣ። ለእሱ የሚላክ መልእክት ሰላምታ ይኖረዋል፤ ቃላቱ ሳይቆረጡ ይጻፋሉ፤ ዐረፍተ ነገሩ ይዘጋል። ይህን ያላሟላ መልእክት መልስ አያገኝም።

«መጻፉ ሲሰለችሽ ደግሞ እንዳትደውዪ» አላት። «መደወል ከመጻፍ መሸሻ ነው። አላነሣም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ልጅ ያላት አባት ነው ወይስ ፈታኝ?» አለች ሚስቱ።

«ቆይ፣ ነገ ታመሰግነኛለች።»

እውነት ለመናገር ሕጉ ሠርቷል። ልጅቱ መጀመሪያ ላይ «ዳቦ ልግ?» ብላ ትልክና ትጠብቃለች፤ አባት ዝም። ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆማ «አባ?» ትላለች፤ አባት አሁንም ዝም። በመጨረሻ ጥርሷን ነክሳ «ሰላም አባዬ፣ ዳቦ ልግዛ ወይስ እቤት አለ?» ብላ ስትጽፍ መልሱ ከመቅጽበት ይደርሳታል፦ «ሰላም ልጄ፣ ግዢ።» እንዲህ እንዲህ እያለች ለመደች። በክፍሏ ድርሰቷ ሲነበብ ልጆች ዝም ብለው የሚያዳምጡት እሷን ሆነ። አባትም ይህን ለሰው ሁሉ አወራ። ለመምህራኑ አወራ፣ ለጸጉር አስተካካዩ አወራ፤ ያልሰማ ቢኖር የጸጉር አስተካካዩ ድመት ብቻ ነች።

ታዲያ ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ጠዋት ወላጆችን ጠርቶ «የጽሑፍ መልእክት የልጆቻችንን ቋንቋ ምን እያደረገው ነው?» በሚል ርእስ ንግግር ይደረግ ሲባል፣ ተናጋሪውን ለመምረጥ ማንም አልተቸገረም።

ሚስቱ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የዚያን ዕለት ጠዋት ኮቱን ሲለብስ በሩ ላይ ተደግፋ አየችው፤ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነበር።

«ዛሬ ስልክህን ካጠገብህ አታርቀው» አለችው። «ወገቤን ከሌሊት ጀምሮ እያመመኝ ነው።»

«ልቅር?»

«ሂድ ባክህ! ሰው ጠርተህ አንተ ልትቀር? ልጅቷ አለችልኝ። ከባሰብኝ ራሴ እደውልልሃለሁ።»

አራት ነጥብ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። አዳራሹ ገብቶ መድረኩ ላይ ሲቆም መጀመሪያ ያደረገው ነገር ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ፣ መስታወቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ማስታወሻው አጠገብ ማስቀመጥ ነበር። የሚጠብቀው የሚስቱን ስልክ ነው። ራሴ እደውላለሁ ብላዋለችና ዐይኑ የሚፈልገው የእሷን ስም ብቻ ነበር። ኋላ ላይ ደጋግሞ ያሰበው ይህንኑ ነው፤ ሕመም ሰውን ጥሎ እጁን ከስልኩ ሊያርቅ እንደሚችል እንዴት አልታየኝም እያለ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። የፕላስቲክ ወንበሮቹ አልበቃ ብለው አባቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ርእሰ መምህርቷ ከፊት ተቀምጣ ትጽፋለች። አራት ነጥብ ጉሮሮውን ጠራረገና ጀመረ። መናገር ያውቅበታል፤ እየኮረኮረ ይገርፋል፣ እየገረፈ ያስቃል። የተማሪ ወረቀቶችን ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ ስማቸውን ሸፍኖ አነበበ። አንዱ ተማሪ «የማልረሳው ቀን» በሚል ርእስ ድርሰት ጻፍ ተብሎ የጻፈው ይህን ነበር፦ «አያቴ ሞ በጣ አዘ።»

«እንግዲህ ተመልከቱ» አለ አራት ነጥብ። «አያትየው እንኳ ሞተው አላለቁም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዲት እናት በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። እሱም ፈገግ ብሎ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ዐይኑ ወደ ስልኩ የሄደው ያኔ ነው። መስታወቱ በርቷል። ልጁ ነች።

«አባ»

ሰላምታ የለም። ንግግሩን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና በራ።

«የት ነ»

የት እንዳለ እያወቀች! ቅዳሜ ነው፣ ኢንተርኔቷ አልቆባት ይሆናል፤ ሲያልቅባት እንዲህ ነው የምታጣድፈው። ደግሞ በራ።

«ቶ ና»

ከዚያ ወዲያው ስልኩ በጸጥታ መንዘር ጀመረ፤ እየደወለች ነው። ስሟ መስታወቱ ላይ ይርገበገባል። አራት ነጥብ አየው። መጻፍ ሲሰለቻት ነው የምትደውለው ብሎ፣ ቀዩን ምልክት ነካና አጠፋው።

እዚያ ላይ ቢተወው ጥሩ ነበር። አልተወውም። ሰው ሲስቅለት የሚያቆም ተናጋሪ ከየት ይገኛል? ስልኩን አንሥቶ ለሕዝቡ አሳየ።

«ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አሁን፣ እዚሁ ቆሜ፣ የገዛ ልጄ ጽፋልኛለች። ላንብብላችሁ?»

«ያንብቡልን!» አሉ።

«‹ቶ ና›» አለ። «አለቀ። ‹ቶ› ማለት ቶሎ ነው። ሁለተኛዋን ፊደል ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አጥታለች። ምን ይሆን የሚያጣድፋት? ቤቱ ተቃጥሎ ነው?»

እንደገና ሳቅ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያን ቃል መልሶ ሊውጠው የሚመኝበት ቀን ያው ያ ቀን መሆኑን አላወቀም።

«እኔ ግን አልመልስላትም» ሲል ቀጠለ። «የቤታችን ሕግ ነው። ጠብቁ፣ ታያላችሁ። ትንሽ ትበሳጫለች፤ ከዚያ ተቀምጣ እንደ ሰው ትጽፋለች።»

ጠበቁ። እሱም ስለ ሕጉ፣ ስለ ዳቦው፣ በክፍሏ ስለሚነበበው ድርሰቷ አጫወታቸው። ወላጆች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዳንዱ ማስታወሻ ይይዛል። ስልኩ ግን ጨለመ። አንዴ ሰረቅ አድርጎ አየው፤ ጨለማ ነው። ደግሞ አየው። የሚስቱም ስም አልመጣም። ይህስ ደግ ነው፤ ካልደወለች ደህና ናት ማለት ነው ብሎ ራሱን አረጋጋ። ሆኖም ንግግሩ መሀል ቃል ጠፋው። እሱን ቃል ጠፍቶት አያውቅም። ውሃ ጠጣ። 

በመጨረሻ ስልኩ በራ። ረጅም መልእክት ነው፤ መስታወቱን ሞልቶ ፈሷል።

አራት ነጥብ በሕይወቱ ብዙ ነገር አድርጓል፤ ከሁሉም ግን ለራሱ ይቅር የማይለው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ቃላቱን ከማየቱ በፊት መልኩን አየ። ሰላምታው ከላይ፣ ነጠላ ሰረዙ በቦታው፣ ድርብ ሰረዙ በቦታው፣ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በአራት ነጥብ የተዘጋ። ደስ አለው! ደረቱ ነፋ አለ። ልጄ ብሎ ኮራ።

«መጣ!» አለ ስልኩን ከፍ አድርጎ። «አላልኳችሁም? ስሙልኝ።»

 ድምፁን አሳምሮ፣ በየሰረዙ ትንፋሽ እየወሰደ ማንበብ ጀመረ።

«‹ውድ አባዬ፣ እንደምን አለህ? እማዬ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃለች፤ ብዙ ደምም እየፈሰሳት ነው። ቅድም ስጠራት...›»

ማንበቡን ያቆመው የቱ ላይ እንደሆነ አያውቅም። የፊት ወንበር ላይ የነበሩ ሰዎች ግን ኋላ እንደተናገሩት፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፅ የለም። የቀረውን ለብቻው በዐይኑ አነበበው፦ «ቅድም ስጠራት ትመልስልኝ ነበር። አሁን ዝም ብላለች። እባክህን ቶሎ ና።»

ከመድረኩ ዘለለ። ስልኩ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሣውም። ወንበር ገለበጠ፣ ሰው ረገጠ።  የሚሰማው የጫማው ድምፅ ብቻ ነበር።

ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ለዚህም ነው ልጅቱ ከሰው ሁሉ አስቀድማ ለእሱ የጻፈችው። የታወቀውን መንገድ ሮጠ። የሚያውቁት ባለ ሱቅ «መምህር፣ ደህና ነው?» ሲሉት አልሰማም።  እየሮጠ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስበው፤ መልስ አልሰጠኋትም። አሁንም እንኳ መልስ አልሰጠኋትም። መምጣቱን የምታውቅበት መንገድ የለም።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የልጁ አንድ ነጠላ ጫማ ደጃፉ ላይ ተገልብጦ ቀርቷል። ገባ። «የት ናችሁ?» አለ። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ያየውን አየ። ግድግዳ ይዞ ቆመ። ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡ ሴት ልብስ ሰፊ፣ ባልዲ ይዘው ከኋላው ደረሱ።

«አሁን ነው የምትመጣው?» አሉት። «ወስደዋታል ልጄ። ሆስፒታል ወስደዋታል።»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቄ! የሰፈር ልጆች ናቸው። በሩን ሰብረው ሊገቡ ምንም አልቀራቸው። አንዱ እግሯን፣ አንዱ ትከሻዋን፤ ልጅህ ደግሞ ራሷን ደግፋ...»

«ትተነፍሳለች?»

ሴትዮዋ ባልዲውን አስቀመጡና አላየሁም አሉት። አላየሁም ያሉት አይተው እንደሆነም ሊለይ አልቻለም።

ርእሰ መምህርቷ በመኪናዋ ተከትላው ኖሮ ጥሩምባ አሰማች። ስልኩን አንሥታለት ነበር። መንገድ ላይ እጁ ውስጥ አኖረችለት፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ይሠራል ግን። ለልጁ ሊጽፍላት ፈልጎ ጣቱን ዘረጋ።  ምን ይባላል? «መጣሁ» ብሎ ለመጻፍ ሞከረና ፊደሎቹ እየተደረቡ አስቸገሩት። ደወለላት። አታነሣም።

«እናት ትተርፋለች መምህር» አለች ርእሰ መምህርቷ፣ ዐይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «አይዞህ።»

«ሳቅሁኮ» አላት። «ሰው ሁሉ እንዲስቅ አደረግሁ።»

 እሷም ስቃ ነበር።

በሆስፒታሉ ኮሪደር መጨረሻ፣ ከቀዶ ሕክምናው በር ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት አራት ልጆች ተደርድረዋል። ሁሉንም ያውቃቸዋል። ከመካከላቸው ጎፈሬው፣ ጸጉሩ ለበር የሚቸግረው ያ ቀጭን ልጅ፣ መምህሩን ሲያይ ብድግ አለ። እጅጌው በደም ጠቁሯል።

«መምህር፣ ይቀመጡ» አለ ቦታውን እየለቀቀ።

«እሷስ?»

«ውስጥ ናት። ደም ሰጧት። ሐኪሟ አሁን ትወጣለች ብለውናል።»

«እናንተ እንዴት ሰማችሁ?»

«በግሩፑ ጻፈችልን። ‹እማ ወደ መኪ› ነው ያለችው። ወንድሜ የዕቃ ማመላለሻ መኪናውን እያጠበ ነበር፤ ሳሙናውን ሳያለቃልቀው ተነሣን።»

አራት ነጥብ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ቃላት፣ ሦስቱም ጫፋቸው የተቆረጠ፤ ልጆቹ ግን እናቷ ወድቃ መኪና እንደምትፈልግ ገባቸው፤ ማን፣ ምን፣ የት ብለው አልጠየቁም። ቀና ብሎ ጎፈሬውን አየው። አዳራሹን በሳቅ ያፈረሰው ወረቀት የዚህ ልጅ ነበር። አያቱ የሞቱት አምና ነው፤ ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። ያን ሁሉ መምህሩ ያውቅ ነበር። ፊቱ በእፍረት ነደደ። «አመሰግናለሁ» አለው፤ ልጁም «ኧረ ምንም አይደል» ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

የገዛ ልጁ ከወንበሩ ጫፍ፣ አንድ እግሯ ባዶውን፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ወደ እሷ ተጠጋ። አላቀፈችውም፣ አልሸሸችውምም።

«ልጄ።»

«እ።»

«ለምን ወዲያው ለእነሱ አልጻፍሽም?» አለ። ሊወቅሳት አልነበረም፤ እግዜር ያውቃል፤ አፉ ላይ የመጣው ግን ይህ ሆነ።

«አንተ ትቀርባለህ ብዬ ነዋ» አለች። «ትምህርት ቤቱ እዚያው አይደል? ስጽፍልህ ዝም አልክ። ስደውል ዘጋህብኝ። እንደዚያ ስለጻፍኩ ነው አልኩ። ስለዚህ ሙሉውን ልጻፍለት ብዬ ተቀመጥኩ።»

«የት ተቀመጥሽ?»

«እዚያው። ከእማዬ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ።» ስልኳን እያየች ነው የምታወራው። «ፊደሉ ይሳሳትብኝ ነበር። ‹እንደምን አለህ› የሚለውን አጠፋሁትና ደግሞ መልሼ ጻፍኩት። ሰላምታ የለውም ብለህ ባትመልስልኝስ ብዬ።»

አራት ነጥብ ዐይኑን ጨፈነ።

«ስጀምር እማዬ ታናግረኝ ነበር» አለች ልጁ። «‹ጻፍሽለት?› ትለኛለች፤ ‹እየጻፍኩ ነው› እላታለሁ። ‹መጣ?› ትለኛለች፤ ‹ቆይ ልጨርስ› እላታለሁ። ልጨርስ ስል ዝም አለች። ጠራኋት፣ ዝም። ያኔ ነው ለእነሱ የጻፍኩት፤ ለአንተም ‹አሁን ዝም ብላለች› የሚለውን የጨመርኩት።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ አለፈ፤ ጎማው ይንጫጫል። ጎፈሬው ወደ መስኮቱ ዞረ። አባት አለቀሰ። ተማሪዎቹ ፊት፣ ርእሰ መምህርቷ ፊት፣ ሳይሸሽግ፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ልጁ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች፤ የያዘችው ግን እንደ ሰው አባት ነበር፣ ቀስ ብላ።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደች። ፊቷ ላይ ድካም እንጂ ሌላ የሚነበብ ነገር የለም፤ ሁሉም ቆሙ።

«ባለቤቷ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እናትየው ተርፋለች። ለጥቂት ነው። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ እዚህ ቆሜ ሌላ ነገር ነበር የማወራዎት። ሕፃኑም አለ፤ ወንድ ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነ ማሞቂያ ውስጥ አስገብተነዋል፤ የእሱን ነገር ከዛሬ ነገ እያልን እናያለን። አሁን አንድ ሰው ብቻ ገብቶ ሊያያት ይችላል።»

ልጆቹ ተቃቀፉ። አንዷ እየዘለለች አለቀሰች። የመምህሩ ልጅ ግን ወዲያው ስልኳን አነሣች፤ አውራ ጣቶቿ በረሩ። ከቤታቸው ላልመጡት ጓደኞቿ አንዲት አጭር ነገር ላከች፤ እሷ ሳትጨርስ መልሱ ከየአቅጣጫው ይጎርፍላት ጀመር። ስታነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕንባዋ መጣ።

ከዚያ ቀና ብላ አባቷን አየችው።

«ሰምተሃል አይደል?» አለችው። «ወይስ ልጻፍልህ?»

ለመውጋት ብላ አልነበረም። ደክሟታል፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ለአባቷ አንድ ነገር ደርሶታል የሚባለው ተሟልቶ ሲጻፍለት እንደሆነ ራሱ ነው ያስተማራት። አራት ነጥብ ይህንን ከፊቷ ላይ አነበበ፤ በዕድሜው ሙሉ ካነበበው ሁሉ እንደዚያ የከበደው የለም።

«ሰምቻለሁ» አላት። «አንቺ ግቢ።»

ልጅቱም ስልኳን ኪሷ ከታ፣ በአንድ እግር ጫማዋ እያነከሰች፣ እናቷ ወዳለችበት ክፍል ገባች።